ከኅዳጉ የጠፉት ማስጠንቀቂያዎች

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፤ እትዬ፣ የቤቱ እመቤት፤ አንቺ ልጁ፤ ወንድሞቹ፣ ጎረቤቶቹ፤ ከማሽን ፋብሪካው የመጣችሁ ባልደረቦቼ፤ እዚያ ኋላ መኪናችሁ አጠገብ የቆማችሁ አለቆቼም፤ እባካችሁ ቀረብ በሉ። ድምፄ እዚያ ድረስ ላይደርስ ይችላል። የምናገረው ደግሞ በተለይ እናንተን ይመለከታል።

ለማታውቁኝ፣ ከዚህ ሰው ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል። ሥራችን የማሽን መመሪያ መጻፍ ነው። ማሽን ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የምታገኟት፣ ሳታነቧት መሳቢያ ውስጥ የምትወረውሯት ያቺ ቀጭን መጽሐፍ አለች አይደል? እሷን የሚጽፍ፣ ሥዕሏን የሚያስገባ፣ ገጿን በኮምፒውተር የሚያቀናብር ሰው እንዳለ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ «ጋሽ ቀስ በል» ነበር የምንለው። ስሙን ያወጣንለት ልናላግጥበት ነው፤ ዛሬ ልታከብሩት የመጣችሁ ሁሉ ይቺን እወቁልኝ።

ጋሽ ቀስ በል እጁ ያልነካውን አይጽፍም። የሊጥ ማቡኪያ ማሽኗ መመሪያ ሲዘጋጅ ክፍላችንን የምታጸዳውን እህታችንን ጠራት። ይኸው እዚህ ቆማለች። «መጥረጊያውን አስቀምጪና ይቺን እያነበብሽ ማሽኑን ፍቺልኝ። እኔ ትንፍሽ አልልም» አላት። አፉን በመዳፉ ከድኖ ቆመ። አራተኛው ትእዛዝ ላይ ስትደርስ ክዳኑን ከፍታ እጇን ሰደደች። «ቁሚ!» ብሎ ጮኸ። ሶኬቱን ቀድሞ ነቅሎት ነበር እንጂ አልቆላት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ልትጨርሰኝ ነው እንዴ?» አለችው። እሱ ላቡን እየጠረገ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። ማስጠንቀቂያውን ከታች ነው የጻፍኩት። የሰው እጅ ከዓይኑ ይቀድማል» አላት።

ያን ቀን ማስጠንቀቂያውን አወጣና ከትእዛዙ ጎን፣ የገጹ ኅዳግ ላይ፣ በቀይ ሣጥን አደረገው። «ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ።» ከዚያ ወዲህ መመሪያዎቻችን ሁሉ ቀይ ሣጥን ነበራቸው። በጠቅላላው ስድሳ አንድ ናቸው። ቆጥሬያቸዋለሁ፤ የቆጠርኩት ግን ከመሸ... ከረፈደ በኋላ ነው።

ከዚያ አዲሱ ፕሮግራም መጣ። ከእንግዲህ ገጽ ማቀናበር ቀረ ተባለ። ጽሑፉን ራሱ ይቆራርጠዋል፣ ራሱ ይገጣጥመዋል፣ ለወረቀትም ለስልክም ራሱ ያዘጋጀዋል፤ በአንድ ጠዋት ሃያ ጥራዝ! በሥልጠናው ቀን አጨበጨብን። ጋሽ ቀስ በል እጁን አወጣ። «የኅዳግ ሣጥኖቹ ከዋናው ጽሑፍ ጋር አልተያያዙም። የድሮው ፋይል ወደዚህ ሲገባ የት ይሄዳሉ?» አሠልጣኙ ሳቀ። «ጋሼ፣ ገጽ ከሌለ ኅዳግ ከየት ይመጣል?» አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እኔም ስቄያለሁ። አንተም ስቀሃል። አዎ፣ አንተን ነው፤ መነጽርህን አታስተካክልብኝ።

ፕሮግራሙን ጠልቶ እንዳይመስላችሁ። በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ከሁላችንም ቀድሞ የለመደው እሱ ነው፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። መመሪያው ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ያንብበው። አንድ ሰው! ይሄ ብዙ ነው? ሥራ አስኪያጃችን፣ «ለኤግዚቢሽኑ መድረስ አለበት» አሉ። ሲጨቀጭቃቸው ጊዜ፣ «እሺ፣ አንድ ሰው አንብቦ ይፈርም» አሉ። ተፈረመ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፕሮግራሙ ዋናውን ጽሑፍ ወስዶ ሣጥኖቹን ጥሏቸው ነበር። ስድሳ አንዱንም።

ዳቦ ጋጋሪው ወንድማችን አዲሷን ማቡኪያ ገዛ። እንደ ሌላው ሰው መመሪያዋን መሳቢያ ውስጥ አልወረወረም። አነበባት። ትእዛዙን አንድ በአንድ ተከተለ። ሦስት ጣቱን አጣ። ይኸው እሱም መጥቷል፤ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል።

ከዚያማ ጥፋተኛ ተፈለገ። ፕሮግራም አይባረር፣ ሥራ አስኪያጅ አይባረር። የመጨረሻው ገጽ ላይ የማን ስም አለ? «በጸሐፊው ቸልተኝነት» የሚል የስንብት ደብዳቤ ተጻፈ። ቸልተኝነት! እሱን ቸልተኛ ለማለት ምን ያህል ዓይን አውጣ መሆን ያስፈልጋል? ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበው። ማስመሪያውን ኪሱ ከተተ። ዞሮ አየኝ። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ አፈጠጥኩ።

ጋሼ፣ አንተም ታናድደኛለህ! ለምን ዝም አልክ? ማን እንደፈረመ ታውቅ ነበር እኮ። ደረጃው ላይ ተከትዬህ ስወርድ፣ «ተወው፤ እኔ አርጅቻለሁ፣ አንተ ቤትህ አራስ አለችህ» አልከኝ። ማን ሸክሜን ተሸከምልኝ አለህ?

አዎ፣ እኔ ነኝ። ይኸው የወረቀቱ ቅጂ፤ ከመዝገብ ቤት ያወጣሁት። «አንብቤ አረጋግጫለሁ» ይላል። ፊርማው የኔ ነው። አንድ ገጽ አልገለጥኩም። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሦስት ሰዓት ላይ አመጡልኝ፤ ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ወሰዱት። ሃያ ጥራዝ በአምስት ደቂቃ! ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ውሸቴን ከሆነ ይኸው መድረኩ፣ ይናገሩ።

ዝም አሉ። እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ስምንት ወር ዝም ብያለሁ። ይነቅዛል። ሆዴ ውስጥ ነቅዟል። ዛሬ መለፍለፌም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ አውቃለሁ።

ወንድሜ ዳቦ ጋጋሪው፣ ይሄ ሰው አልበደለህም። የበደልንህ እኔና እኚያ ሰውዬ ነን። አንቺ ልጁ፣ ደብዳቤው የደረሰው ሰሞን በራችሁ ላይ «አባዬ ነው ያጠፋው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «እንጃ» አልኩሽ። ዋሸሁሽ። አባትሽ አላጠፋም። እሱ እየሰማ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።

ጋሼ፣ ይቅር በለኝ አልልህም። ገና ደረጃው ላይ ይቅር እንዳልከኝ አውቃለሁ፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ነገ ጠዋት ይቺን ወረቀት ይዤ እገባለሁ። ከዚያ ደብዳቤ ላይ ስምህን አስወጥቼ የኔን አስገባለሁ። አፈሩ ይቅለልህ። ደህና ሁን።