ባለቤቱ ያልታወቀው ማባዣ

በሰፈሩ እውነትን ፊት ለፊት የምትናገር አንዲት ልጅ ብትፈለግ እሷ ነበረች። ቢያንስ እሷ እንደዚያ ትል ነበር። «እኔ ለማንም ብዬ ምላሴን አላስርም» እያለች፣ ከክፍል ጓደኞቿ ተነጥላ የመናገር ነጻነት ታሪክ ወደሚታይበት የሙዚየሙ አዳራሽ ገባች።

እዚያ ማንን ብታገኝ ጥሩ ነው? በግቢያቸው የሚኖሩትን ሽማግሌ ልብስ ሰፊ! አንድ የመስታወት ሣጥን ፊት ቆመው፣ ሣጥኑን ትተው በር ላይ ያለውን ጥበቃ ያያሉ።

«ጋሼ! እርስዎም ሙዚየም ያያሉ? ድመትዎስ ደህና ናት?»

«ታነክሳለች» አሉ ቆጣ ብለው። «ድምፅሽን ቀንሺ፤ ግድግዳ ጆሮ አለው።»

«ይሄኛው ግድግዳ ያለው ፎቶ ብቻ ነው» ብላ ፊቷን ቶሎ ወደ ሣጥኑ አዞረች። ውስጡ በእጅ የሚዞር አሮጌ የወረቀት ማባዣ አለ፤ እጀታው በጨርቅ ተሸፍኗል። ከሥሩ «የተከለከሉ ጽሑፎች ይባዙበት የነበረ። ባለቤቱ አልታወቀም፤ የሚያውቅ ይንገረን» ይላል።

«የሚያውቅ ይንገረን!» አሉ ሽማግሌው። «ድሮም የሚሉት ይህንኑ ነበር። ያኔ በዱላ፣ ዛሬ በትሕትና።»

ልጅቷ የጨርቁን ስፌት ልብ ብላ አየችው። እሳቸው በጠገኑላት ዩኒፎርም ጫፍ ላይ ያለው ያው መስቀለኛ ስፌት ነው።

«የእርስዎ እጅ ሥራ ነው!»

«አፍሽን ያዢ!» ግራ ቀኝ አዩ። «የታላቅ ወንድሜ መዳፍ ቢላጥበት ሰፋሁለት። ወሰዱት፤ አልተመለሰም። እናታችን ስሙን በሹክሹክታ እየጠራች ሞተች። በይ ሰማሽ፤ አሁን ርሺው።»

«ስሙን ለምን አይነግሯቸውም?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ምሳም አይገባም፣ ጋሼ።»

«ያ ኮት ለባሽስ ምን ሆኖ ነው በዙሪያችን የሚዞረው?»

«አስጎብኚ ነዋ! ሥራው መዞር ነው።»

«የእነዚያም ሥራ መዞር ነበር።»

ሽማግሌው በመጠርጠራቸው አይፈረድባቸውም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ልጥ መሆኑን ለማወቅ ግን አንድ ሰው ጠጋ ብሎ መንካት አለበት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወንድምዎን የወሰዱት ሰዎች ስሙ እንዳይነሳ አይደል የፈለጉት? እነሱ ከሄዱ ቆዩ። ሥራቸውን ግን እርስዎ በነጻ እየሠሩላቸው ነው።»

የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። ልጅቷ በጥፊ የሚሏት መስሏት ሸሸት አለች። እሳቸው ግን አስጎብኚውን ጠሩት።

«ብነግርህ የእኔን ስም ትጽፋለህ?»

«ካልፈቀዱልኝ አልጽፍም፣ አባቴ።»

በር ላይ ያለውን ጥበቃ አንዴ አዩት። «እንግዲያው የወንድሜን ጻፍ። በትልቁ!» አሉና ስሙን አዳራሹ እስኪሰማ ድረስ ጠሩት። ከወዲያ ጥግ አንዲት አሮጊት ዞር አሉ። «የእሱን ወረቀት ጫማዬ ውስጥ ደብቄ አንብቤያለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ማን ዝም ያሰኛቸው! የመናገር ጥቅሙ ይኸው ነው። የአንዱ ምላስ ሲፈታ የሌላውም ይፈታል፤ የሞተው ስሙን ያገኛል፤ የቀረውም ጎብጦ የተሸከመውን አውርዶ ቀና ይላል።

ልጅቷ ደረቷን ነፋች። «አዩ፣ ጋሼ? እንደ እኔ ሳይፈሩ እውነትን መናገር ነው!»

«እንግዲያው ዛሬ ቤት ስትገቢ የቤታችሁን መስታወት ማን እንደሰበረው ለእናትሽ ንገሪያት» አሉ ሽማግሌው። «ድመቴ በአንቺ ጥፋት ተገርፋለች፤ እሷ እንደሁ አፍ አውጥታ አትናገር!»