የቡቺ ጠያቂዎች

በደርግ ጊዜ ነው፤ ላፍቶ እኖር ነበር። ውሻዬ ቡቺ አጥንት ውጦ ሊሞትብኝ ሲል፣ ጎረቤቴ የነበረው የከብት ሐኪም ሆዱን ቀዶ አወጣለትና ሰፋው። "እስኪድን ቤት ውስጥ ይተኛ" ብሎኝ ሄደ። በማግስቱ እሁድ ወንድሞችና እህቶች ተደብቀን ልንጸልይ እኔ ቤት መጡ። ያን ጊዜ ጴንጤ ተሰብስቦ ሲጸልይ ከተያዘ ወደ እስር ቤት ነው። ገና ዓይናችንን ጨፈን ከማድረጋችን የቀበሌያችን ሊቀመንበር በሩን በርግዶ ገባ።

"የምን ስብሰባ ነው ይሄ?"

መዋሸት አልችልም፣ እውነቱን መናገርም ፈራሁ። ሊቀመንበሩ መሃላችን ብርድ ልብስ ለብሶ የተኛውን ቡቺን አየ።

"ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?"

"ኦፕራሲዮን ተደርጎ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ውሻ?"

"አዎ፣ ሆዱን።"

ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ስፌቱን አየና ቆቡን አወለቀ። "እኔ አምና ሆስፒታል ስተኛ ይህን ያህል ሰው አልጠየቀኝም" አለ። ቀጥሎ "እግዜር ይማረው" ብሎ፣ ያለው ነገር ሲገባው ደንግጦ አየን። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

"በሉ፣ እስኪድን ድረስ እንዳትተዉት" ብሎን ወጣ።

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ቡቺን እየጠየቅን በሰላም ጸለይን። ለስንቱ በሽተኛ ጸልየናል፤ ቡቺ ቶሎ እንዲድን ግን ከመካከላችን የጸለየ አልነበረም።