የአሪየት እናት ድምፅ

አሪየት የምትባል የአቦቦ መምህርት ጋምቤላ ወዳለችው የኮምፒውተር ጥገና ቤቴ አንድ አሮጌ ፋይል ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ የሟች እናቴ ድምፅ የቀረው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው። አልከፈት አለኝ» አለችኝ። ሳየው ደሜ ፈላ። ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ ልጆችን በአኙዋክኛ ማንበብ እንዲያስተምር የአንዲት አኙዋክ ሴት ድምፅ ቀድቼ የሠራሁት የኮምፒውተር ትምህርት ነው። አለቃዬ ስሜን አጥፍቶ የራሱን ጻፈበትና ተሾመበት፤ እኔ አቤት ብዬ ተባረርኩ። ያን ጊዜ የሠራሁበትን ፍላሽ የሚባል ፕሮግራም ደግሞ ባለቤቱ ኩባንያ ካቆመው ቆይቷል። «እንደሞተ ይቅር» ልላት ነበር፤ ፊቷን ሳየው ግን አልቻልኩም።

በጎ ፈቃደኞች ሠርተው ለማንም በነፃ የለቀቁት፣ የፍላሽ ፋይል የሚከፍት ሌላ ማጫወቻ አለ፤ እሱን ጫንኩላት። መጀመሪያ የአለቃዬ ስም ብቅ ሲል ጥርሴን ነከስኩ። ከዚያ በሥዕሉ ላይ ያለው ዓሣ ዋኘ፣ ጉማሬው አፉን ከፈተ፤ እናቷም ስማቸውን እየጠራች አነበበች። አሪየት እንባዋን እየጠረገች ስታዳምጥ ቆይታ መጨረሻው ላይ ሳቋ አመለጣት።

«ምን አሉ?» አልኳት። እኔ የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ አኙዋክኛ አልሰማም። የቀዳሁት ሁሉ ትምህርት መስሎኝ እንዳለ ነበር ያስገባሁት።

«‹ይሄ ታደሰ የሚባል ደገኛ ስንቴ ያስደግመኛል? አፌ ደረቀ!› ነው የምትለው። ተማሪ እያለን እዚህ ጋ ስንደርስ ክፍሉ በሙሉ ይስቅ ነበር። ግን ታደሰ ማን ነው፣ ጋሼ?»

«እኔ ነኝ» አልኳትና ስሜ የተጠራበትን ቦታ መልሼ ከፈትኩት።