ጋሽ ቧንቧና የመዳቡ ጥምዝ

የውሃ ጎማ ልገዛ ወደ ቧንቧ ዕቃ መደብር ስገባ ከውስጥ የጎረቤቴን ድምፅ ሰማሁ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ቧንቧ ይላቸዋል። አርባ ዓመት የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ቤታቸው ውስጥ ቢራ መጥመቅ ጀመሩ። አጠገባቸው በወተት ፋብሪካ ላቦራቶሪ የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ቆማለች።

«መምህር፣ እንኳን መጡ!» አሉኝ። «ይህችን ልጅ ይገሥጹልኝ። የአንድ ቧንቧ ጎሚኒ ልገዛ ብመጣ ተከትላኝ መጥታ የፈላ ቢራ ቶሎ የሚያበርድ ማቀዝቀዣ ካልገዙ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ሲያረጁ አምባር ይዋጁ አሉ!»

«አጎቴ፣ ሠርጉ እኮ አምስት ሳምንት ነው የቀረው» አለች ልጅቱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ቧንቧ አንዲት ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ የሠርጉን ቢራ በገዛ እጃቸው እንደሚጠምቁም ቃል ሰጥተዋል። ሙሽራይቱም «የአባቴን ቢራ ትጠጣላችሁ» ብላ ለአማቶቿ ነግራለች።

«ታዲያ ምን ጎደለኝ?» አሉ። «የብቅሉን ውሃ አፈላለሁ፣ ሆፑን እጨምራለሁ፣ ድስቱን ከድኜ አሳድራለሁ። ጠዋት ሲበርድ እርሾውን እጥልበታለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!»

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያለፉት ሁለቱ ጥንስሶች ታዲያ የት ደረሱ?»

«ለወዳጅ ሰጠኋቸው።»

«አጎቴ፣ የጓሮው ቦይ ለሳምንት ኮምጣጣ ኮምጣጣ ሲሸት ነበር።»

ሽማግሌው ጎሚኒውን በጣታቸው ያገላብጡ ጀመር። እኔም ቀና ብዬ ላያቸው አልደፈርኩም። ኩሩ ሰው ናቸው፤ ለካ ሰማንያ ሊትር የደከሙበትን ብቻቸውን ተሸክመው፣ ባለቤታቸው እንኳ ሳያዩ ነበር የደፉት።

«እትዬ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም» አለች ልጅቱ ፈጥና። «ግን ልጠይቅዎት። ወተት ለብ እንዳለ ቢያድር ምን ይሆናል?»

«ይበላሻል እንጂ።»

«የብቅል ውሃም እንደዚያው ጣፋጭ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ለብ ብሎ ሲያድር እርሾው ሳይገባ ሌላ ተህዋስ ቀድሞ ይገባበታል። ቤቱን የያዘ እንግዳ ደግሞ በቀላሉ አይወጣም።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ ጋሽ ቧንቧ፤ ግን የቀድሞው ጉልበት በድምፃቸው ውስጥ አልነበረም።

«ሌላም አለ። ሆፕ ሲጨምሩ እጅዎ አይሰስትም።»

እውነቷን ነው። ሆፕ ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጥ ቅጠላማ አበባ ነው፤ ሰው በእፍኝ የሚጨምረውን ጋሽ ቧንቧ በሳህን ሙሉ ነው የሚገለብጡት።

«መዓዛው እንዳይጠፋ ብለው መጨረሻ ላይ ይጨምሩታል አይደል?» ቀጠለች። «ድስቱ ግን ለሰዓታት ትኩስ ሆኖ ይቆያል። መዓዛው በእንፋሎት ይሄዳል፣ ምሬቱ ግን መውጣቱን አያቆምም።»

«ለካስ ለዚህ ነው!» አሉ ግንባራቸውን መትተው። «ባለቤቴ ‹መድኃኒት መድኃኒት ይላል› ስትለኝ በቅናት መስሎኝ ነበር!»

ሰው ስሕተቱን ያወቀ ዕለት ወደ ሌላኛው ጫፍ መሮጥ ይወዳል። ጋሽ ቧንቧም የመስታወት መደርደሪያው ውስጥ ወደተቀመጠች መጽሐፍ የምታህል የምታብረቀርቅ ዕቃ ጠቆሙ። ስስ ብረቶች ተደራርበው የተበየዱባት፣ በመካከላቸው ትኩሱ ፈሳሽና ቀዝቃዛ ውሃ ሳይቀላቀሉ የሚያልፉባት ማቀዝቀዣ ናት።

«እንግዲያው እሷን አምጣልኝ!»

ሻጩ ደስ ብሎት ሊያወርዳት ሲል ልጅቱ እጇን አነሳች። «ቆይ ወንድሜ። አጎቴ፣ የዚህች ታላቅ እህት እኛ ፋብሪካ ውስጥ አለች። ለወተት ተወዳዳሪ የላትም። ወተት ግን ቅጠል የለውም። እርስዎ አርባ ዓመት ሙሉ ሲከፍቱ የኖሩት ምንድን ነው?»

«የተደፈነ ቧንቧ።»

«በምን?»

«በፀጉር፣ በቅጠል፣ በእንትን…» ዕቃዋን ተቀብለው በቀዳዳዋ አጮለቁ። መንገዷ የጥፍር ውፍረት እንኳ አልነበረውም። «የእኔ ሆፕ እዚህ ቢገባ?»

«እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ይደፍናታል። ሽቦም አይገባላት፤ የተበየደች ስለሆነች ፈታትቶ መጥረግም የለም። ውስጧ የቀረው ደግሞ ይሸታል።» ለሻጩ በአክብሮት መለሱለት። «ቆንጆ ናት ልጄ፤ ግን የእኔ ሚስት አትሆንም።»

ልጅቱ እየሳቀች ሦስተኛውን መንገድ ነገረቻቸው፦ የተጠማዘዘ የመዳብ ቱቦ። ድስቱ ውስጥ ይነከራል፤ ቀዝቃዛ ውሃ በሆዱ ያልፋል፤ ቢራው ከውጭ ይቀራል። ቅጠሉ የሚደፍነው ነገር የለም፤ ሲያበቃ የሚታጠበውም በዓይን የሚታየው ገላው ነው። ድስቱም ሁሉ በአንድነት ስለሚበርድ መዓዛው ይተርፋል።

«ይህንንማ ልትሸጥልኝ ነው?» አሉ ጋሽ ቧንቧ ሻጩን ዘወር ብለው እያዩ። «ቀጥ ያለ መዳብ ስጠኝ። መጠምዘዙን ለእኔ ተወው!»

በማግስቱ ጓሯቸው ስሄድ ሥራ ላይ ነበሩ። ሲጠመዘዝ እንዳይጨፈለቅ ቱቦውን ደቃቅ ጨው ሞልተው፣ በቡታጋዝ ሲሊንደር ላይ እያቀፉ እንደ ሕፃን ያጠቀልሉታል። ልጅቱ የሣለችውን ወረቀት ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የጎማው መጋጠሚያ ከድስቱ በላይ ነው ያደረግሽው። መጋጠሚያ አንድ ቀን ማንጠባጠቡ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ያልፈላ ውሃ ቢራው ውስጥ ይገባል። ቱቦው ከድስቱ ጠርዝ አልፎ ይውጣ።»

«ይህንንስ አላሰብኩትም» አለች። ተምራለችና ያላወቀችውን ለማመን አላፈረችም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠመቁ። መፍላቱ ሊያበቃ ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ ፍላቱ እንዲያጸዳው ቱቦውን ድስቱ ውስጥ ነከሩት። እሳቱ ሲጠፋ ሆፑን ገለበጡና ውሃውን ከፈቱ። ጋሽ ቧንቧ በረጅም ማንኪያ ቀስ እያሉ ያማስላሉ፤ ልጅቱ ቴርሞሜትሩን ታነባለች። ባለቤታቸው ከጎማው ጫፍ የሚወጣውን ትኩስ ውሃ አይተው ባልዲ ይዘው ከተፍ አሉ።

«ይህን ሁሉ ወደ ቦይ ልትለቁት ነበር? ልብሴን አጥብበታለሁ!»

በሃያ አምስት ደቂቃ ድስቱ እጅ የሚያስነካ ሆነ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አሸተቱ፣ ቀና አሉ፣ እንደገና አሸተቱ።

«አለ» አሉ ቀስ ብለው። «መዓዛው እዚሁ አለ።»

በሠርጉ ቀን የሙሽራው አባት ሁለተኛ ብርጭቆ አስቀድተው «አማቼ፣ ይህን ጥበብ ከየት አገኙት?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ቧንቧ ጉሮሯቸውን ጠርገው ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ማስተማር ጀመሩ። ቶሎ የቀዘቀዘ አይኮመጥጥም፤ የሆፑ መዓዛ አይበንም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስጋት የለም፤ ሆፕ ለሚያበዛ ሰው ደግሞ የማይደፈንና በቀላሉ የሚታጠብ ዕቃ ከሚያምር ዕቃ ይበልጣል፤ ውሃውም ለልብስ ይተርፋል።

«እኔ ግን ይህን ሳላውቅ ሁለት ጥንስስ ደፍቻለሁ» አሉ በመጨረሻ።

ባለቤታቸው ዞር ብለው አዩዋቸው። ሽማግሌው ግን አላፈሩም፤ ከዳር የተቀመጠችውን የእህታቸውን ልጅ በእጃቸው ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ያስተማረችኝ እሷ ናት። በሉ፣ ለአስተማሪዬ ቅዱላት።»