ምክንያቱን የደበቀው ፕሮግራም

በ1999 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከጅማ መርካቶ ወደ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ስሄድ፣ በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ የቀድሞ ባልደረባዬን አቶ አብተውን አገኘኋቸው። አጠገባቸው ያለችው ኩልሱም ትባላለች፤ እርሳቸው በሚመሩት የቡና ማኅበር ቢሮ ፕሮግራም እንድትጽፍ የተቀጠረች ወጣት ናት። ተኳርፈዋል። ምክንያቱን ብጠይቅ ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአጋሮ መንገድ ባለው የማኅበሩ መረከቢያ፣ ኮምፒውተሩ የሚመዘነውን ቡና አልመዘግብም ብሎ ቆመ። ስክሪኑ ላይ የወጣው «የተጠቃሚ ስህተት» የሚል ብቻ ነበር። ገበሬው ያመጣው እሸት ቡና በየጆንያው ሲሞቅ ውሎ ተበላሸ። መዝጋቢው ሸኩርም ማሽኑን አበላሽተሃል ተብሎ ከሥራ ታገደ። ኩልሱም ሄዳ ስታየው ግን መረጃው የሚቀመጥበት ዲስክ ሞልቶ ኖሯል፤ ሸኩር ያጠፋው ነገር የለም።

ፕሮግራሙን ሲ (C) በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፉት ራሳቸው አቶ አብተው ናቸው። ለመዝጋቢ የማሽን የውስጥ ጉዳይ መንገር ግራ ማጋባት ነው፣ ሲቸገር ለቢሮ ይደውል አሉ።

«ጋሽ አብተው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አሠራሩ ሰው እያስወነጀለ ነው» አለች ኩልሱም። «ፕሮግራሙ ፋይል ልክፈት፣ ልጻፍ ብሎ ሲጠይቅ ማሽኑ እምቢ ካለ፣ ምክንያቱን በቁጥር ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ትርጉም አለው፦ ዲስክ ሞልቷል፣ ፈቃድ የለም፣ ፋይሉ የለም። እርስዎ ምክንያቱን ይጥሉና ሸኩርን ይከሳሉ።»

«ልጄ፣ ይህ ፕሮግራም አንቺ ፊደል ከምትቆጥሪበት ጊዜ ጀምሮ ሠርቷል።»

«ሁሉ ሲሳካለት ሠርቷል። እኔ ግን ወላሂ ምክንያት የሚደብቅ መስመር አልጽፍም። ከፈለጉ ያሰናብቱኝ።»

አነጋገሯ ለታላቅ ሰው ደፈር ያለ ነበር፤ ቢሆንም ሰው ያለ ጥፋቱ ሲታገድ አንገት ደፍቶ መቀመጥን ጨዋነት ልለው አልቻልኩም። እርሷም አንድ ፈተና አቀረበች፦ ኮምፒውተሩ ላይ ሆን ብላ እክል ትፈጥራለች፣ እርሳቸው በራሳቸው ፕሮግራም መልእክት እየተመሩ ምክንያቱን ይፈልጋሉ። አቶ አብተው በራሳቸው ተማምነው ተቀበሉ፤ እኔም ውጤቱን ለማየት አብሬያቸው ሄድኩ።

ቢሮ ስንደርስ ኩልሱም በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ነገር ለውጣ «አሁን ምን እንደሆነ ያግኙት» አለቻቸው። ፕሮግራማቸው «የተጠቃሚ ስህተት» አለ። ገመዱን ነካኩ፤ አጥፍተው አበሩ፤ ዲስኩን መረመሩ። የምሳ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ እርሷ ራሷ የጻፈችውን ፕሮግራም ስታስነሣ ይህ ወጣ፦ «የሚዛን ፋይሉ ላይ መጻፍ አልተቻለም፤ የመጻፍ ፈቃድ የለም። ለቢሮ ይደውሉ።»

አቶ አብተው ደጋግመው አነበቡት።

«ተጠቃሚው እኔ ነበርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ምን አጠፋሁ?»

ከዚያ ወንበራቸውን አስጠግተው እንድታስረዳቸው ጠየቁ። እርሷም፣ ማሽኑ የሚሰጠው የምክንያት ቁጥር ወዲያው መያዝ እንዳለበት፣ ካለዚያ ፕሮግራሙ ቀጥሎ ለማሽኑ የሚያቀርበው ጥያቄ ሊሽረው እንደሚችል አሳየቻቸው።

በማግስቱ አቶ አብተው ራሳቸው መረከቢያው ድረስ ሄዱ፤ ጥፋቱ የሸኩር ሳይሆን የእርሳቸው እንደሆነ በገበሬው ፊት ተናግረው ወደ ሥራው መለሱት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የማኅበሩ ፕሮግራም ሲያቅተው ምን ሊያደርግ እንደነበር፣ በየትኛው ፋይል ላይ፣ ለምን እንደተከለከለና ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ይናገራል። ዲስኩ ዳግም በሞላ ጊዜ ሸኩር መልእክቱን አንብቦ ወዲያው ደወለ፤ ቡናውም ሳይሞቅ ተመዝኖ ገባ።

እንግዲህ ማሽን ሲያቅተው ምክንያቱን ይናገር። እርሱ ዝም ካለ፣ የሚወቀሰው አጠገቡ የተገኘው ሰው ነው።