ባዶው አግዳሚ ወንበር

ኪንታሮት ይዞኝ ለማንም ሳልናገር ወር ሙሉ ስሰቃይ ከረምኩ። ሲብስብኝ ለርዕሰ መምህራችን ለኦቦ ገመቹ «ጥርሴን ላስነቅል ነው» ብዬ አስፈቀድኩና ወደ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ሄድኩ። ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሏል። የሚገርመው ግን አግዳሚ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከእጃጂ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሲገቡ ሁላችንም «አባኮ፣ ይቀመጡ!» አልን። «ኧረ እናንተ ተቀመጡ፣ እኔ ደህና ነኝ!» አሉ። «በሞቴ ይቀመጡ!» «በፍጹም!» እየተባባልን ወንበሩን ስንገባበዝ አንድ ሰውዬ መጣና ዘፍ ብሎ ተቀመጠበት። ሁላችንም ደነገጥን።

«ወንድሜ፣ አንተን ምንህን ነው የሚያምህ?» አሉት ሽማግሌው።

«እንቅርት ላስወጣ ነው።»

«ታድለህ!» አልነው በአንድ ድምፅ። እየሳቅኩ ዞር ስል ጥግ ላይ ከቆሙት ከኦቦ ገመቹ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ጌዶ ከተማ ለቅሶ እደርሳለሁ ብለውን ነበር።

«ጥርስህ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ለቅሶው እንዴት ነበር?» አልኳቸው።

ሰኞ የመምህራን ስብሰባ ነበረን። ኦቦ ገመቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አጀንዳው አጭር ስለሆነ ቆመን ብንጨርሰው ምን ይመስላችኋል?» አሉ። ውለታቸውን ለመመለስ እጄን ለድጋፍ ሳነሳ፣ የስፖርት መምህሩን ጨምሮ ከእኔ በፊት ሰባት እጅ ወጥቷል።