ሰዓት ሠሪው የገባው ቃል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማስተምረው ሰው ባይኖርም አመሉ አለቀቀኝም። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ሰላምታ ሲለዋወጥ እንኳ ማስረዳት ይቃጣዋል። ስለዚህ ይህን ታሪክ ስነግራችሁ መሃል ላይ ምክር ጣል ባደርግ ታገሡኝ።

ወቅቱ ያ ወረርሽኝ አፍና አፍንጫችንን ያስሸፈነበት ነው። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሰላምታው በክርን ሆኗል። አንድ ቀን ጠዋት የሕንፃችን ሊፍት ተበላሽቶ እያጉረመረምኩ ደረጃ ስወጣ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ሰው ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ነው። ሕንፃው በሙሉ "ደቂቃ" ይለዋል። ቀጠሮ አሳልፎ አያውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ቁመቱም አጠር ያለ ነው።

"ደህና አደሩ፣ አቶ ደቂቃ! ምነው በደረጃ?"

"ይመስገን፣ መምህር። ትንሽ አየር ልቀበል ብዬ ነው።"

"አየር የሚቀበሉት ከደረጃ ላይ ነው እንዴ? ባለቤትዎስ ደህና ናቸው? ካየኋቸው ሰነበትኩ።"

"ደህና ናት። ጉንፋን ቢጤ ነው።"

ይቺን "ጉንፋን ቢጤ" የምትባል ነገር አውቃታለሁ። በዚያ ሰሞን በሕንፃችን የታመመ ሰው ሁሉ ሕመሙ ጉንፋን ቢጤ ነበር። እውነቱን የተናገረ እንደሆነ ጎረቤት በሩን ዘግቶ ያልፈዋል፤ ስለዚህ ሰው በይሉኝታ አፉን ይዞ ይታመማል። እኔም ነገሩን እያወቅኩ "እግዜር ይማርልን" ብዬ ላልፍ ነበር። ያው ይሉኝታ እኔንም አይምረኝም።

እግሬን ሳነሣ ከታች አንዲት ወጣት እየሮጠች ወጣች። የባለቤቱ እህት ልጅ ናት፤ ነርስ ናት። በሽታውን ለዘመድ እንዳታመጣ ብላ ሁለት ወር ሙሉ የሆስፒታሉ ማደሪያ ውስጥ ነው የከረመችው። ጭንብል በጭንብል ላይ ደርባ ነበር።

"ጋሼ፣ ትናንት አክስቴን በስልክ ሳናግራት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት። ምነው ሳይነግሩኝ?"

"አንቺን ላለማስጨነቅ ነው፣ ልጄ። ደግሞ እየተሻላት ነው። ሳሉም ቀንሷል፤ ዝም ብላ ነው የምትተኛው።"

"ይህ ዝምታዋ ነው ያስፈራኝ" አለችና አልፋው ወደ ቤቱ ገባች፤ እሱም ተከተላት።

እኔ ወደ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም፤ ከበሩ ውጭ ቆሜ ቀረሁ። ክፍሉ አንድ ነው። በመስኮቱ ሥር የሥራ ጠረጴዛው አለ፤ ከላዩ ላይ የተፈታቱ ሰዓቶች፣ ጥቃቅን ብሎኖች፣ ማጉያ መነጽር። ከጎኑ አልጋው። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ጠርዙ በጨርቅ ተወትፎ ነበር።

"ምነው መስኮቱን?" አለች ነርሷ።

"ብርድ እንዳይመታት ነዋ!"

"ጋሼ፣ እርስዎም እሷም አንዱን የታመመ አየር ስትቀባበሉት ነው የከረማችሁት" አለችና ጨርቁን ነቅላ ከፈተችው። ከዚያ ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ መለኪያ አውጥታ የአክስቷ ጣት ላይ ሰካች። "ሰማንያ ሦስት። ደሟ ውስጥ ያለው አየር ነው። ዘጠና አምስት መድረስ ነበረበት።"

"ያቺ ዕቃ በባትሪ ነው የምትሠራው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አታሞኚኝ። ባትሪው የደከመ ዕቃ ስንት ውሸት እንደሚያወራ እኔን ጠይቂኝ።"

ልጅቷ አልተናደደችም። እኔ ብሆን ተናድጄ ነበር። "እሺ" አለችው፤ "የእጅ ሰዓትዎን ያውጡና የራስዎን ዓይን ይመኑ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደረቷ ስንት ጊዜ ከፍ እንደሚል ይቁጠሩልኝ።"

ቆጠረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። "ሠላሳ ስድስት" አለ። ቀጥሎ "ተሳስቼ ይሆናል" ብሎ እንደገና ቆጠረ። ሠላሳ ሰባት ሆነ።

"አሁን ደግሞ መምህርን ይቁጠሩ።"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"ደረጃ ወጥቼ ነው እኮ!" አልኩ። በዚያች ሰዓት እንኳ ሰበብ ማቅረብ አልተውኩም።

ደቂቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። "እኔ እኮ ቀንና ሌሊት ጆሮዬን ደረቷ ላይ አድርጌ ሳዳምጥ ነው የከረምኩት። ትንፋሿ አንድ ጊዜ እንኳ አልተዛባም። ደህና ናት ያልኩት ለዚህ ነው።"

"የሚፈጥን ሰዓት ይዛባል ወይ፣ ጋሼ?"

"አይዛባም። እኩል እኩል ነው የሚመታው" አለ። "ግን ታሟል።"

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን መረዳትና መስማማት ለየቅል ናቸው። ይህን ስንት ተማሪ አሳይቶኛል መሰላችሁ።

"ተነሥተን እንውሰዳት" ስትለው፣ "አልሰጣትም" አለ።

"ጋሼ!"

"አልሰጥም አልኩሽ! የአንደኛ ፎቁ ዳቦ ጋጋሪ እናቱን በአምቡላንስ ሸኘ። በመስታወት እንኳ አላሳዩትም፤ በዚያው ቀረች። እኔና እሷ በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተለያይተን አናውቅም። ትኩሳቱ የያዛት ዕለት እጄን ይዛ 'ለሰው አትስጠኝ፣ ከቤቴ አታውጣኝ' አለችኝ። ቃል ገባሁላት። አንቺ ተምረሻል፣ ደግ አደረግሽ። ሰው ግን በመድኃኒት ብቻ አይድንም። የሚያውቀውን ፊት ሲያይ ነው ልቡ የሚበረታው።"

"እውነትዎን ነው" አለች፤ ድምፅዋ ተለወጠ። "በየቀኑ የማየው ነው። በሽተኞቼ የሚያውቁትን ፊት ሲፈልጉ ይውላሉ፤ የሚያገኙት የኔን ዓይን ብቻ ነው። ይህ ክፉ ነገር ነው፤ አልሸሽግዎትም። ግን የዳቦ ጋጋሪው እናት ወደኛ የመጡት በስንተኛው ቀን ነው? በአሥራ አንደኛው፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ። እሳቸውን የገደላቸው መምጣታቸው ሳይሆን መዘግየታቸው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እኮ ይህ ነው።"

"እንደምትድን ትምያለሽ?"

"አልምልም። ብምል ዋሾ ነኝ። እዚህ ብትቀር ግን ከነገ ወዲያ ምን እንደምትሆን አውቃለሁ።"

ይህን ጊዜ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ከበር ላይ ቆሜ ተናገርኩ።

"አቶ ደቂቃ፣ ታናሽ ወንድሜን ያስታውሱታል? በልብ ድካም ሞተ ብያችሁ ነበር። ዋሽቻችሁ ነው፤ በዚሁ በሽታ ነው የሞተው። 'ጎረቤት ይሸሸናል፣ ለማንም አትንገር' አለኝ፤ እሺ አልኩት። የተማርኩት እኔ! የዓለምን ነፋስ ሁሉ በየስሙ የማውቅ ሰው! ሦስት ቀን ሙሉ እጁን ይዤ ነበር። አየር ግን በእጅ አይሰጥም። ይኸው ዛሬም ስልኬ በጮኸ ቁጥር እሱ ይመስለኛል። ሩጫዬን ብታዩት!"

ደቂቃ አንገቱን ደፋ። ነርሷ ጠጋ ብላ በቀስታ፣ "ለመሆኑ እሷን ጠይቀዋታል?" አለችው።

"ነገርኩሽ እኮ፤ ቃል አስገብታኛለች።"

"ያ ትኩሳቱ የያዛት ዕለት ነው። እኔ የምልዎት ዛሬን ነው።"

ጎንበስ አለባት። ሴትዮዋ ዓይኗን ገለጠች። ለካ ሁሉንም ስትሰማ ኖራለች።

"አንተ" አለችው፤ አንድ ቃል ተናግራ ታርፋለች። "መተንፈስ... እፈልጋለሁ። ቃልህን... መልሼልሃለሁ።"

እሱም "እሺ፣ እናትዬ" አለና ስልኩን ራሱ አነሣ።

ሊፍቱ ስለተበላሸ ሁለት ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች በወንበር አድርገው አወረዷት። ደቂቃ እስከ መኪናው ተከተላት። በሩ ሲዘጋ እጁ ገና ወደ ፊት እንደተዘረጋ ነበር። ነርሷ ከመግባቷ በፊት፣ "እርስዎም ይመርመሩ፤ ለሁለት ሳምንት ከቤት አይውጡ፤ መስኮቱን አይዝጉ፤ ጠዋትና ማታ ትንፋሽዎን ይቁጠሩ፤ ከሃያ አምስት ካለፈ ይደውሉልኝ" አለችው።

ተመረመረ፤ በሽታው እሱንም ይዞት ኖሯል፤ ደግነቱ ቀሎለታል። ሾርባና ዳቦ አድራሹ እኔ ሆንኩ። ዕቃውን ከደጃፉ አኖርና ራቅ ብዬ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ፤ እሱ በሩን ገርበብ አድርጎ ያወራኛል።

"የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እስቅ ነበር፣ መምህር። ይኸው እኔው ሆንኩት።"

"ኧረ አስጥለዋታል! ደውለዋል እኮ።"

"ጫማዋን ከበሩ ሥር አላነሣሁትም። ስገባ ስወጣ እየተሻገርኩት ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀድቼ ተገኘሁ። ሁለተኛውን መድፋት አቃተኝ፤ ቀዝቅዞ እስኪያልቅ ሳየው ዋልኩ።"

በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነርሷ ደውላ ስልኩን የአክስቷ ጆሮ ላይ ታኖርለታለች። የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው፤ መተያየት የለም። እሱ ግን ከስምንት ተኩል ጀምሮ ፊቱን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ይጠብቃል። "ምን ያደርግልዎታል?" ብለው፣ "ተጎሳቁዬ ባወራት ከድምፄ ታውቅብኛለች" አለኝ። አየር የሚሰጣት ማሽን ጭንብል አፏን ስለሸፈነው አትመልስለትም። እሱ ብቻውን ያወራል፤ የትኛው ሰዓት እንደተጠገነ፣ ጎረቤት ምን እንዳለ፣ አልጋው እንደሰፋበት። "እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና አድርጌ እየበላሁ ነው" እያለ ይጨርሳል። የላክሁት ሾርባ ግን ግማሹ ይመለስ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስልኩ ሳይጮህ ዋለ። ዘጠኝ ሆነ፤ አሥር ሆነ። በሩ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም እዚያው ደረጃው ላይ አለቀስኩ፤ ለእሷ ይሁን ለወንድሜ ዛሬም አላውቀውም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነርሷ ደወለች። በሽተኛ በዝቶባት ነው እንጂ አክስቷ የዚያን ቀን በራሷ ጉልበት ቀና ብላ ተቀምጣ ኖሯል።

በሃያ ሦስተኛው ቀን መኪናው ከሕንፃው በር ቆመ። ሴትዮዋ ከስታ፣ በነርሷ ተደግፋ ወረደች። ደቂቃ ኮቱን እንደለበሰ ሁለት እርምጃ ርቆ ደርቆ ቀረ። መቅረብ ይፈቀድ አይፈቀድ ጨንቆት ነው።

"ምን ይገትርሃል? ና እንጂ!" አለችው። ሲቀርብ አንገቱን ዳሰሰችና፣ "በልቻለሁ ስትለኝ ዋሽተሃል። ይህ አንገት የማን ነው?" አለችው። እሱ ትከሻዋ ላይ ተደፋ።

ሐኪሟ እንዳለችው ሁለት ቀን ብትዘገይ ኖሮ የጭንብሉ አየር ብቻ ባልበቃት ነበር። እሱም ተመርምሮ ቤቱ ስለተቀመጠ ከሕንፃው በሽታው ከእሱ የተጋባበት ሰው የለም። መስኮት መክፈትና ትንፋሽ መቁጠር ዋጋ አያስከፍልም። የሚከብደው "ታምሜአለሁ" ማለቱ ነው፤ እሱን የተናገረ ሰው ግን ቢያንስ ሾርባ የሚያመጣለት ጎረቤት ያገኛል። እንግዲህ ምክሬ ይኸው ነው፤ ካሰለቸኋችሁ ይቅርታ።

ከወር በኋላ እኔና ደቂቃ ደረጃ ስንወጣ የአምስተኛ ፎቋ ጸጉር ሠሪ ከቤቷ ደጃፍ ቆማ አገኘናት። ዓይኗ ቀልቷል።

"አባትሽ እንዴት ናቸው?" አላት።

"ደህና ነው፣ ጋሼ። ጉንፋን ቢጤ ነው" አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። "አታውጪኝ ብሎ አስምሎኛል። ከሄደ አላየውም። እንዴት እችለዋለሁ?"

ደቂቃ አልተቆጣትም፤ ሊያስተምራትም አልሞከረም።

"ልጄ፣ የፈራሽው ናፍቆቱን ነው። እኔም እሱን ነበር የፈራሁት፤ ደግሞም መጣ፣ እውነት ለመናገር ከፈራሁትም ባሰ። ግን የኔ ሃያ ሦስት ቀን ነበር፤ አለቀ።" ወደ እኔ ዞረ። "የእሳቸው መቼ እንደሚያልቅ እስቲ ጠይቂያቸው።"

ጸጉር ሠሪዋ ቀና ብላ አየችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ጥያቄ ስመልስ የኖርኩ ሰው ይቺን በአጭሩ መለስኩ፤ "የኔ አያልቅም፤ ወንድሜ በዚሁ በሽታ ቤት ውስጥ ደብቄው ነው የሞተብኝ።" ፊቴን ጥቂት አየችና እዚያው ደጃፉ ላይ እንደቆመች ስልኳን አውጥታ አምቡላንስ ጠራች።